ዘጠኙ ልጆች የት ደረሱ?

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

በአሜሪካ አብዮት ዘመን የጦር ሠራዊት ቄስ ስለነበሩት ስለ ጄምስ ኮልድዌልና ስለ ቤተሰባቸው በባለፈው እትማችሁ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ከባለቤቴ ጋር ሁለት ጊዜ አነበብነው። የምንኖረው ኒው ጀርዚ፣ ዩኒየን ውስጥ ነው። የቄሱ ባለቤት የተገደሉበት ቦታ ከእኛ ሰፈር ሩቅ ስላልሆነ ገና ርዕሱን ስናይ ደስ አለን። መጨረሻው ላይ ግን «ዘጠኝ ልጆች ያለ እናትና አባት ቀሩ» ብላችሁ ዘጋችሁት። ብዕር ያስነሣኝ ይህ ነው። ሰባት ቤት ቆጥሮ ላደገ አንባቢ የቤተሰብ ታሪክ ብላችሁ ልጆቹን ደጅ ላይ ትታችሁ መሄዳችሁ አልተዋጠልኝም። (ዓመቶቹን እናንተ እንዳደረጋችሁት በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፋለሁ።)

የቄሱ አባት ከሰሜን አየርላንድ መጥተው ቨርጂኒያ የሰፈሩ ፕሬስቢቴሪያን (የፕሮቴስታንት ወገን) ነበሩ። ልጃቸው በ1734 ተወልደው፣ ዛሬ ፕሪንስተን በምንለው ኮሌጅ ተምረው፣ በኒው ጀርዚ የኤልዛቤትታውን (የዛሬዋ ኤልዛቤት ከተማ) ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ሆኑ። በ1763 ከኦግደን ቤተሰብ የተወለዱትን ሐናን አገቡ። ጦርነቱ ሲነሣ የኒው ጀርዚ ሦስተኛ ክፍለ ጦር ቄስ ሆነው ዘመቱ፤ በኋላም ለሠራዊቱ ስንቅና ቁሳቁስ የማቅረቡ ሥራ ተጨመረላቸው። እስከዚህ ድረስ ጽሑፋችሁ ትክክል ነው።

ስለ ወይዘሮ ሐና የሰጣችሁን አንድ መስመር ነው። ሰኔ 7 ቀን 1780 የእንግሊዝ ጦር ከስታተን አይላንድ ተሻግሮ ዛሬ ዩኒየን ወደምትባለው ወደ ኮኔቲከት ፋርምስ መንደር ገባ። ወይዘሮ ሐና ቤታቸውን ጥለው አልሸሹም። ትንንሾቹን ልጆች ይዘው ወደ ጓዳ ክፍል ገቡ። በመስኮት የገባ ጥይት እዚያው በልጆቻቸው ፊት ገደላቸው። አስከሬናቸው ከወጣ በኋላ ቤቱ ተቃጠለ፤ መንደሩም ተቃጠለ። ብዙም ሳይቆይ የእንግሊዝ ደጋፊዎች «ጥይቱ የተተኮሰው ከአሜሪካኖቹ ከራሳቸው ወገን ነው» እያሉ ማውራት ጀመሩ። ቄስ ኮልድዌልም በቦታው የነበሩ ሰዎች ያዩትን በመሐላ እንዲመሰክሩ አድርገው፣ ቃላቸውን በዚያው ዓመት በጋዜጣ አሳተሙት። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ሚስታቸውን ቀብረው፣ ዘጠኝ ልጆች ዙሪያቸውን እያዩ፣ የምስክር ቃል አንድ በአንድ የሚያቀናብሩ ሰው ይታዩኛል። ለጋዜጣ የጻፉት ትልቁ ጉዳያቸው ይህ ሆኖ ሳለ በጋዜጣ ስለ እሳቸው ሲጻፍ መዘለሉ ያሳዝናል።

በምትኩ ሰፊ ቦታ የሰጣችሁት የመዝሙር መጽሐፉን ወሬ ነው። ሚስታቸው ከሞቱ ከ16 ቀን በኋላ በስፕሪንግፊልድ ውጊያ ላይ ለጠመንጃ ባሩድ መጠቅጠቂያ የሚሆን ወረቀት አለቀ፤ ቄሱም ወደ ቤተ ክርስቲያን ሮጠው የእንግሊዛዊውን መዝሙር ደራሲ የአይዛክ ዋትስን የመዝሙር መጽሐፍት አምጥተው ለወታደሮቹ አደሉ ይባላል። ያምራል። ሆኖም ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ወግ ነውና በመሐላ ከተሰጠው ምስክርነት እኩል አይቆጠርም፤ እናንተ ግን የተረጋገጠ ነገር አድርጋችሁ አቀረባችሁት።

ቄሱ ራሳቸው ኅዳር 24 ቀን 1781 በኤልዛቤትታውን ወደብ ላይ ተገደሉ። ገዳዩ ጄምስ ሞርጋን የሚባል የራሳቸው ወገን ዘብ ነበር፤ በሚቀጥለው ጥር ወር በስቅላት ተቀጣ። በቀብሩ ዕለት ኤልያስ ቡዲኖት ዘጠኙን ልጆች አምጥተው በአስከሬኑ ዙሪያ አቆሟቸውና ሕዝቡን ስለ እነሱ ለመኑ ይባላል። ወላጆቻቸው የተጋቡት በ1763 ስለሆነ ትልቁ ልጅ እንኳ 18 ዓመት አልሞላውም ማለት ነው። ቡዲኖት በዓመቱ የአህጉራዊው ኮንግረስ ፕሬዚዳንት የሆኑት ሰው ናቸው። የልጆቹም ታሪክ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ጆን ኤድዋርድስ የተባለውን ልጅ ከአሜሪካኖች ጎን የተዋጉት ፈረንሳዊው ጄኔራል ላፋየት ወደ ፈረንሳይ ወስደው አስተማሩት። በቡዲኖት ስም የተሰየመውን ኤልያስን ደግሞ ቡዲኖት ራሳቸው አሳደጉት። እናቱ ስትገደል የ4 ዓመት ልጅ ነበር። አድጎ ከ1800 ጀምሮ እስኪሞት ድረስ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዋና ጸሐፊ ሆኖ ሠራ። በ1814 እንግሊዞች ዋሽንግተን ገብተው ፍርድ ቤቱ ይሰበሰብበት የነበረውን የምክር ቤቱን ሕንፃ ካፒቶልን ሲያቃጥሉ ፍርድ ቤቱ መሰብሰቢያ አጣና ችሎቱ በኤልያስ ቤት ተቀመጠ። በልጅነቱ ቤቱን እንግሊዞች ያቃጠሉበት ሰው፣ እንግሊዞች ላቃጠሉት ፍርድ ቤት ቤቱን ከፈተ። ይህን ለባለቤቴ ስነግራት ረጅም ጊዜ ዝም አለች።

ለእኛ ለአፍሪካውያን የሚከብደው ግን ቀጥሎ ያለው ነው። ከሴት ልጆቹ አንዷ አስቴር ቄስ ሮበርት ፊንሊን አገባች። በታኅሣሥ 1816 ነፃ የወጡ ጥቁር አሜሪካውያንን ወደ አፍሪካ ወስዶ የማስፈር ዓላማ ያለው ማኅበር ሲቋቋም ዋነኛው አንቀሳቃሽ ይኸው የቄስ ኮልድዌል አማች ነበሩ። ኤልያስም የማኅበሩ ጸሐፊ ሆነ። በምሥረታው ስብሰባ ላይ ጥቁሮችን ባስተማርናቸውና ኑሯቸውን ባሻሻልን ቁጥር፣ እዚህ አገር ከነጭ እኩል ስለማይሆኑ፣ ሐዘናቸውን እናበዛዋለን ብሎ ተከራከረ። የአባቱን ቤት ያጠፋው የነፃነት ጦርነት ነው። እንዲህ ካለ ቤት የወጣ ሰው የሌላውን ሰው ነፃነት ባሕር ማዶ ብቻ እንዲሆን መፍረዱ ያመኛል። ወላጆቹን እንደማከብር አልደብቅም፤ ይህንንም አልደብቅም። በጥር 1817 ፊላዴልፊያ ውስጥ 3,000 ያህል ጥቁር አሜሪካውያን በቤቴል ቤተ ክርስቲያን ተሰብስበው፣ የተወለድነው እዚህ ነው፣ አንሄድም ብለው ወሰኑ። የእነሱም ድምፅ የዚህ ቤተሰብ ታሪክ አካል ነው።

ማኅበሩ ያሰፈራቸው ሰዎች አገር በ1847 ነፃ መንግሥት ሆነች፤ ላይቤሪያ ማለት ናት። በሞንሮቪያ አጠገብ፣ በሴንት ፖል ወንዝ ዳር፣ በኤልያስ ስም ኮልድዌል የምትባል ቦታ አለች። እዚህ ኒው ጀርዚ ውስጥ ደግሞ በአባቱ ስም ኮልድዌል የምትባል ከተማ አለች፤ እንጀራ ልገዛ ስሄድ ምልክቷን አልፋለሁ።

በሚቀጥለው እትም የመዝሙር መጽሐፉን ወግ ወግ ብላችሁ እንድታርሙ፣ የልጆቹንም ታሪክ እንድትጨምሩ እለምናለሁ። ከ2003 በኋላ ብዙ ወታደሮቻችን በተባበሩት መንግሥታት ሰላም አስከባሪነት ላይቤሪያ ዘምተዋል። ከእነሱ መካከል በሴንት ፖል ወንዝ ዳር ኮልድዌልን ያየ ካለ፣ ምን እንደምትመስልና ነዋሪዎቿ ስለ ስሟ ምን እንደሚሉ ይጻፍልን።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ፣ ከዩኒየን፣ ኒው ጀርዚ