ግልጽ ደብዳቤ፦ ወንድሜን «ልጅ ሌባ» ያሰኘው ቪዲዮ ዛሬም አልተነሣም

ማመልከቻዬ በእጁ ለሚገኘው መሥሪያ ቤት የበላይ ኃላፊ

ክቡር ኃላፊ፣

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፍልዎ በመዝገብ ቤትዎ በኩል ያስገባኋቸው አራት ማመልከቻዎች መልስ ስላላገኙ ነው። የመጀመሪያው «ለሚመለከተው ክፍል ተመርቷል» ተባለ። ሁለተኛውን ይዤ ስመጣ የክፍሉ ኃላፊ ስብሰባ ላይ ናቸው ተባልኩ። ሦስተኛው ጠፋ። አራተኛውን የተቀበለችኝ ሠራተኛ ግልባጩ ላይ ማህተም መትታ ስትመልስልኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «እህቴ፣ እኔ ብሆን እተወው ነበር» አለችኝ። በእርሷ አልፈርድም፤ በየቀኑ የምታየውን ነው የነገረችኝ። የመሥሪያ ቤትዎን ስም እዚህ አልጻፍኩም፤ እርስዎ ግን ደብዳቤው ለማን እንደሆነ ያውቃሉ።

ነገሩን ከመጀመሪያው ልድገመው። ታናሽ ወንድሜ የአልሙኒየም በርና መስኮት ሠራተኛ ነው። የዛሬ 14 ወር ገደማ የሦስት ዓመት ልጁ ሌሊቱን ሙሉ ትኩሳት ሲያቃጥላት አድሮ፣ እናትየዋ የሌሊት ተረኛ ስለነበረች ልጅቱን በጋቢ ጠቅልሎ በታክሲ ወደ ክሊኒክ ይዟት ሄደ። ልጅ ሲታመም እናቱን ነው የሚጠራው፤ እርሷም «እማዬ ጋ ውሰደኝ» እያለች ታለቅስ ነበር። ከኋላ ወንበር የተቀመጠ ሰው በስልኩ ቀረጻት። የቀረጸው 37 ሰከንድ ብቻ ነው። የወንድሜ ፊት በግልጽ ይታያል፤ የልጅቱ አንድ እግር ጫማ የለውም፣ በችኮላ ሲወጣ ቤት ረስቶታልና። ማታውኑ ከ90,000 በላይ ተከታይ ያለው አንድ የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ቪዲዮውን «ጥንቃቄ! ልጅ ሰርቆ ሲሸሽ የተያዘ» የሚል ጽሑፍ ጨምሮበት፣ የሰፈራችንንም ስም ጠቅሶ ለቀቀው። ጫማ አለማድረጓን ራሱን ማስረጃ አድርገው የጻፉ ነበሩ።

በዚያው ሌሊት ገጹ ላለበት የማኅበራዊ ሚዲያ መድረክ ሪፖርት አደረግኩ። በማግስቱ በእንግሊዝኛ የመጣልኝ መልስ ቪዲዮው መመሪያቸውን እንደማይጥስ የሚገልጽ ነበር። አማርኛ አንብቦ የሚረዳ ሰው አይቶት ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ፤ «ገጹን የሚያስተዳድረው ውጭ አገር ያለ ሰው ሳይሆን አይቀርም፣ አትመሽ አምጪው» ተባልኩ። አሳትሜ ወሰድኩ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ወንድሜ ያቺኑ ልጁን፣ ትኩሳቷ በርዶላት፣ አቅፎ ከቤት ሲወጣ አንድ ወጣት «ያዙት! ልጅ ሌባ ነው!» ብሎ ጮኸ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ዘርዝሬ መጻፍ አልችልም። መንጋጋው ሁለት ቦታ ተሰብሯል፤ ልጅቱን ከእጁ የነጠቀቻት ሴት «አይዞሽ፣ አተረፍንሽ» ትላት ነበር። እኒያ ሰዎች ክፉዎች አይመስሉኝም። ልጅ የሚያድኑ መስሏቸው ነው አባቷን ፊቷ የደበደቡት፤ እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስፈራኝም ይኸው ነው።

ክቡር ኃላፊ፣ ሕጉን ለእርስዎ ማስረዳት አይጠበቅብኝም። የጥላቻ ንግግርን እና የሐሰተኛ መረጃ ስርጭትን ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ይህን የመሰለውን ድርጊት በወንጀልነት ደንግጓል። ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ሐሰተኛ መረጃ ያሰራጨ ሰው እስከ 3 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር መቀጮ እንደሚጠብቀው ይናገራል። ማኅበራዊ ሚዲያ የሚያስተዳድሩ ድርጅቶችም ጥቆማ በደረሳቸው በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲህ ያለውን መረጃ እንዲያነሡ ያዛል። እኔ ከእርስዎ የጠየቅሁት ያንን ጥቆማ ነው። የግለሰብ ሪፖርት ዋጋ እንደሌለው አይቻለሁና፣ በመንግሥት ደብዳቤና በመንግሥት ማህተም ለድርጅቱ እንዲጻፍልኝ ጠየቅሁ። አንድ ገጽ ደብዳቤ ነው። 14 ወር ሙሉ አልተጻፈም።

በቃል የተሰጠኝ ምክንያት «እነዚህ ድርጅቶች ውጭ ናቸው፣ አቅም የለንም» የሚል ነው። ይህን መቀበል ያቃተኝ የካቲት 2015ን ስለማስታውስ ነው። በዚያ ወር ፌስቡክ፣ ቲክቶክ፣ ቴሌግራምና ዩቲዩብ በአገሪቱ ተገድበው እስከ ሐምሌ ድረስ አምስት ወር ቆይተዋል። ወንድሜ ይሠራቸው የነበሩትን በሮችና መስኮቶች ፎቶ በቴሌግራም እየለጠፈ ነበር ደንበኛ የሚያገኘው፤ በእነዚያ ወራት የሱቁን ኪራይ እኔ ነኝ የከፈልኩለት። አዋጁም ቢሆን ሥራ ላይ ሳይውል አልቀረም፤ በወጣ ብዙም ሳይቆይ አንድ ጋዜጠኛ በኮቪድ ወቅት በጻፈው ጽሑፍ ተከሶበታል። ስለዚህ መንግሥት ሲፈልግ አቅም አለው። የአራቱን መድረኮች በር ለአምስት ወር መዝጋት የቻለ መንግሥት ስለ አንድ ዜጋ አንድ ደብዳቤ መጻፍ አቃተኝ ሲለኝ ምን ብዬ ልመን?

ኢንተርኔት ይዘጋልኝ አላልኩም፤ ብዬም አላውቅም። መንግሥትን የሚተች ሰው ይታሰርልኝም አላልኩም። በሐሰት የተጎዳ ሰው ሲመጣ በሩ የሚከፈትለት መሥሪያ ቤት ይኑር ነው ያልኩት።

እንዲህ ያለ መሥሪያ ቤት ሲታጣ ምን እንደሚሆን ከእኛ በፊት ያዩት አሉ። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር የነበሩት ፕሮፌሰር ማዕረግ አማረ ስማቸውና ፎቷቸው በፌስቡክ ሲዘዋወር ቆይቶ ጥቅምት 24 ቀን 2014 በቤታቸው ደጃፍ ተገደሉ። ልጃቸው ጽሑፎቹ እንዲነሡ ደጋግሞ ሪፖርት ማድረጉን ተናግሯል። ክሱን ያቀረበው ግን ናይሮቢ ነው፤ የፌስቡክ ባለቤት የሆነውን ሜታን በኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ከሰሰ፤ ፍርድ ቤቱም በ2017 ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ ብሎ ወሰነ። አባቱ በአገሩ የተገደለበት ኢትዮጵያዊ ችሎት ፍለጋ ድንበር ተሻግሯል። ይህን ዜና ባነበብኩ ቁጥር አራቱ ግልባጮቼ የተቀመጡበትን ካኪ ፖስታ አያለሁ። ናይሮቢ የሚያደርሰኝ ገንዘብ የለኝም፤ ጠበቃም የለኝም። ያለኝ የእርስዎ መሥሪያ ቤት ነው።

ወንድሜ አሁን ሥራ ጀምሯል። መንጋጋው ቢጠገንም ጠንካራ ነገር አያኝክም። ከልጁ ጋር ከቤት ሲወጣ የልደት ምስክር ወረቀቷን በላስቲክ ጠቅልሎ በደረት ኪሱ ይይዛል፤ ወረቀቱ ከመታጠፉ ብዛት መሃሉ ላይ ተቀዷል። ታክሲ ውስጥ ልጅቱ ማልቀስ ስትጀምር ማንም ሳይጠይቀው እጁ ወደ ኪሱ ይሄዳል። አሁን አራት ዓመት አልፏታል፤ ሰው ትኩር ብሎ ሲያያቸው «አባ፣ ወረቀቱን አሳየው» ማለት ጀምራለች። አባት መሆኑን ለመንገደኛ ሁሉ በወረቀት የሚያስረዳ ሰው ያደረገው ያ ቪዲዮ ዛሬ ጠዋት ስከፍተው እዚያው ነበር፤ ከሥሩም ትናንት ማታ የተጻፈ አዲስ አስተያየት አለ፦ «ይህ ሰውዬ አሁን የት ነው ያለው?»

ሌላ ማመልከቻ አላስገባም። አራተኛውን ከመዝገብ ቤትዎ ያስወጡት። ለድርጅቱ የሚጻፈውን ደብዳቤ ይፈርሙና ግልባጩን ለእኔ ይስጡኝ። አልፈርምም የሚሉም ከሆነ ምክንያቱን በጽሑፍ፣ ስምዎንና ማህተምዎን አድርገው ይስጡኝ። ሁለቱንም መጥቼ ለመውሰድ ዝግጁ ነኝ።

የተጎጂው ታላቅ እህት
አዲስ አበባ