ልጆቻችን «ጠልዘው!» ሳይባሉ ይጫወቱ
ግልጽ ደብዳቤ ለጅማ ከተማ አስተዳደር ወጣቶችና ስፖርት ጽሕፈት ቤት

የተከበራችሁ የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊዎች፣

የታዳጊዎች የሰፈር ውድድር ከመጀመሩ በፊት አንድ ነገር ልለምናችሁ። የታዳጊ አሰልጣኞቻችንን በዋንጫ ብቻ አትመዝኗቸው። ጊዜ ስጧቸው፤ ትምህርትም ስጧቸው።

ባለፈው ውድድር ያየሁትን ልንገራችሁ። ሜዳው ጭቃ ነው። የአንዱ ሰፈር በረኛ፣ ገና ለግላጋ ልጅ፣ ኳሱን አርቆ ከመምታት፣ ማለትም ከመጠለዝ፣ ይልቅ አጠገቡ ላለው ተከላካይ አቀበለ። ተከላካዩ ዞር ሲል ኳሱ ጭቃ ያዘበትና ተነጠቀ። ጎል ሆነ። ከመስመር ውጪ የቆመው ሰው ሁሉ «ጠልዘው እንጂ!» ብሎ ጮኸ። አሰልጣኙ ግን አልተቆጣም። እጁን ዝቅ አድርጎ «እንደገና፣ እንደገና» ነበር የሚለው። በቀጣዩ ጨዋታ ያ አሰልጣኝ ተቀይሮ ነበር። አዲሱ መጥቶ በረኛውን አስጠለዘው። ልጁ ሲጠልዝ ፊቱን ብታዩት አንጀት ይበላል።

ያ ወጣት አሰልጣኝ ያስተምር የነበረው ነገር፣ ከበረኛው ጀምሮ ኳስ እየተቀባበሉ መውጣት፣ አገራችን ውስጥ ስምና ታሪክ ያለው ነው። አሰልጣኝ ውበቱ አባተ በ2003 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ቡናን ሻምፒዮን አድርገዋል። ቡና ፕሪሚየር ሊጉን ያነሳው በዚያ ዓመት ብቻ ነው። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ ብሔራዊ ቡድኑን ያዙ። በዚያው ዓመት መጋቢት ባሕር ዳር ላይ ማዳጋስካርን 4 ለ 0 ረትተው፣ ዋልያዎቹን ከ2005ቱ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ አፍሪካ ዋንጫ መለሱ።

አጨዋወታቸው ኳስ መስርቶ መውጣት ነው። በረኛው አይጠልዝም። ሁለቱ የመሀል ተከላካዮች ግራና ቀኝ ይከፈታሉ። አንድ አማካይ ዝቅ ብሎ ኳስ ይጠይቃል። የተጋጣሚ አጥቂ ሊጫን ወደ ፊት ሲመጣ ከጀርባው ቦታ ይከፈታል፤ ኳሱም የሚሄደው ወደዚያ ነው። ሁሉም ተጫዋች ኳስ ከመድረሱ በፊት ቀና ብሎ ማየት አለበት። ይህ በአንድ ሳምንት አይለመድም። ደግሞ ዋጋ ያስከፍላል፤ በራስህ ጎል አጠገብ ከተሳሳትክ ቅጣቱ ወዲያው ነው።

ዋጋውንም ከፍለውበታል። ጥር 2014 ዓ.ም. ካሜሩን ውስጥ በተካሄደው የአፍሪካ ዋንጫ በኬፕ ቨርዴ 1 ለ 0፣ በአዘጋጇ ካሜሩን 4 ለ 1 ተሸነፉ። ከቡርኪና ፋሶ 1 ለ 1 ወጥተው ከምድብ ተሰናበቱ። ብዙ ሰው «ይሄ ኳስ ለእኛ አይሆንም» አለ። አምስት ወር ያህል ቆይቶ፣ ሰኔ ላይ፣ ያው አሰልጣኝ በዚያው አጨዋወት ግብፅን 2 ለ 0 አሸነፉ። ዳዋ ሆቴሳና ሽመልስ በቀለ አገቡ። ከመጥፎው ጥር በኋላ ቢባረሩ ኖሮ ያንን ሰኔ አናየውም ነበር። ጨዋታው የእኛ ሜዳ ቢባልም የተካሄደው ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ነው። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) የሚቀበለው ስታዲየም አገር ውስጥ አልነበረንም። እሱ ለብቻው ሌላ ደብዳቤ ይፈልጋል።

ወደ ራሳችን ልመለስ። ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም. ፕሪሚየር ሊግ በገባበት የመጀመሪያ ዓመቱ ሻምፒዮን ሆነ። አሰልጣኙ ገብረመድህን ኃይሌ ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት መቐለ 70 እንደርታን ይዘው እዚያም ዋንጫ አነሱ፤ ኋላም ብሔራዊ ቡድኑን አሰለጠኑ። እኛ ደግሞ በ2014 ዓ.ም. ወረድን። ከተማው በ2010 እንዴት እንደደመቀ ታስታውሳላችሁ። ያኔ ከሰፈር አሰልጣኞቻችን ስንቱ የሻምፒዮኑን ልምምድ ቀርቦ የማየት ዕድል አገኘ? ዋንጫው ከእኛ ጋር ቀረ። እውቀቱ ከሰውየው ጋር ሄደ።

ስለዚህ የምለምነው ከባድ ነገር አይደለም። የታዳጊ ቡድን አሰልጣኝ በውድድር መሀል እንዳይነሳ ደንብ አውጡ። ከጅማ ዩኒቨርሲቲ የስፖርት ሳይንስ ትምህርት ክፍል ጋር ተነጋግራችሁ ለሰፈር አሰልጣኞች ስልጠና አዘጋጁ፤ መምህሩም ሜዳውም እዚሁ ከተማችን ውስጥ አለ። ውበቱንና ገብረመድህንን የመሰሉ ሰዎችን ጋብዙልን። መጥተው ንግግር ብቻ አድርገው እንዳይሄዱ፤ ሜዳ ወርደው ልምምድ ሲያሠሩ አሰልጣኞቻችን ቆመው ይዩ፣ ይጠይቁ። ለዋንጫው ከምትመድቡት ብር ላይ ጥቂቱን ለዚህ አድርጉት።

ያ ከመሀል የተነሳው ወጣትም በዚህ ዓመት ቡድን ይሰጠው። ስሙን ቢሯችሁ መጥቼ እነግራችኋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የጅማ ኳስ አፍቃሪ