ለቅርስ ኃላፊው፦ ደወላችንን ለበያጅ የሰጠው ማን ነው?

ክቡር ሆይ፣

ይህን በአደባባይ የምጽፍልዎ በርዎን አንኳኩተን ስላልተከፈተልን ነው። የሰበካ ጉባኤያችን ማመልከቻ መዝገብ ቤትዎ ገብቷል፤ ማኅተም ተመቶበታል። መልስ ግን የለም። በመጣን ቁጥር «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» እንባላለን። ጉዳዩን እርስዎ ያውቁታል፤ የደሴ ሰውም ይወቀው።

የደብራችን ትልቁ ደወል ከጣልያን ወረራ በፊት እንደተሰቀለ አባቶች ይነግሩናል። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣልያን አውሮፕላኖች ደሴን ሲደበድቡ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው እዚሁ ነበሩ። ሆስፒታል ሳይቀር ተመታ። ደወሉ ተረፈ። በ2014ቱ ጦርነት ሙዚየማችን ሲዘረፍም ከማማው አልወረደም። ይህን ሁሉ ያለፈ ደወል በሰላም ቀን፣ በጥገና ስም ተበላሸ። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

መሰንጠቁን መጀመሪያ ያወቁት ደዋያችን ናቸው። በዓይናቸው ሳይሆን በጆሯቸው ነው ያወቁት። «ድምፁ ሻክሯል፤ ቶሎ ይሞታል» አሉን። ወጥተን ስናይ ምላሱ ዘወትር የሚመታው ቦታ ሳስቷል፤ ከከንፈሩ መዳፍ የማይሞላ ስንጥቅ ጀምሯል። ወዲያው ባለሙያ እንድናመጣ ፈቃድ ጠየቅን። መሥሪያ ቤትዎ ቅርስ ነው አለ፤ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ያለ ቅድሚያ ፈቃድ አይጠገንም አለ። ልክ ነው። ሕጉን አከበርን። መደወሉንም ተውን።

ከዚያ እናንተ የመረጣችሁት ኮንትራክተር ማማውን ሊጠግን መጣ። አንድ ቀን ከሰዓት ወደ ግቢው ስገባ ደወሉ ከቤተልሔሙ አጠገብ በአሸዋ ከረጢት ተደግፎ መሬት ላይ ነበር። አንድ ልጅ በኤሌክትሮድ ይበይደዋል። ሌላው የተበየደውን በግራይንደር ያስተካክላል። ከስንጥቁ በላይ የሰጪው ስም በግዕዝ ተቀርጾ ነበር። ግማሹ ጠፍቷል። የነሐሱ ብናኝ ሣሩ ላይ ቢጫ ሆኖ ተበትኗል። «ማን አዘዛችሁ?» ስላቸው «ኢንጂነሩ» አሉኝ። በልጆቹ አልፈርድም፤ የታዘዙትን ነው የሠሩት። በማግስቱ ደወሉን አንቲረስት፣ ማለት የዝገት መከላከያ ቀለም ቀቡት። ነሐስ እኮ አይዝግም!

የደወል ነሐስ ከመቶ 78 ያህሉ መዳብ፣ 22 ያህሉ ቆርቆሮ ነው፤ የጣራው ቆርቆሮ ሳይሆን ቲን የሚባለው። ያ ሁሉ ቆርቆሮ ድምፁን ያጠራዋል፤ ግን ተሰባሪም ያደርገዋል። ሌላው አካሉ ቀዝቃዛ ሆኖ አንድ ቦታ ብቻ በእሳት ሲመታ ስንጥቁ ይሮጣል። የሚያውቁት ባለሙያዎች ደወሉን በሙሉ እቶን ውስጥ አስገብተው ቀስ በቀስ በብዙ መቶ ዲግሪ ያሞቁታል። በዚያው ዓይነት ነሐስ ይሞሉትና ቀስ ብሎ እንዲበርድ ይተዉታል። ስንጥቁ ትንሽ ከሆነ ደግሞ ከነጭራሹ ብየዳ ላያስፈልገው ይችላል። የለንደኑ ቢግ ቤን በ1859 እ.ኤ.አ. ተሰንጥቆ ነበር። መዶሻው ጤነኛ ቦታ እንዲመታ ደወሉን ትንሽ አዞሩት፤ መዶሻውንም በቀለለ ቀየሩት። ከነስንጥቁ እስከ ዛሬ ይደውላል። እኛም ማመልከቻችን ላይ የጠየቅነው ይህንኑ ነበር፦ ይዙርልን። የእኛ ስንጥቅ ዛሬ ከብየዳው አልፎ ወደ ወገቡ ወጥቷል።

ደዋያችን በምርኩዝ ደረጃችሁን ወጥተው ቢሮ ድረስ መጡ። በዚያ ደወል ስንት ሰው የሸኙ፣ ስንት ሌሊት ለማኅሌት የቀሰቀሱ አባት ናቸው። ወንበር እንኳ አልተሰጣቸውም። አንድ ባለሙያ ቆመው እያሉ «አባባ፣ ብረት እኮ ነው፤ አዲስ ይገዛል። እስከዚያ ሞንታርቦ ይተከልላችኋል» አላቸው። እኔ አብሬያቸው ነበርኩ። እሳቸው «እግዜር ይስጥልኝ ልጄ» ብለው ወጡ። እኔ ግን ያን ቃል አልረሳውም። ብረት ከሆነ ለምን በአዋጅ ከለከላችሁን? ቅርስ ከሆነስ ለምን እንደ አጥር በር ተበየደ?

ጠዋት ጠዋት ጉሙን ሰንጥቆ ወደ ጦሳ ተራራ ሲወጣ የነበረውን ድምፅ ያጣነው እኛ ብቻ አይደለንም። ሙስሊም ጎረቤቶቻችን «ደወላችሁ ምን ነካው?» ብለው ይጠይቁናል። ምን እንበላቸው?

ደወሉን ከእንግዲህ ማንም በያጅ እንዳይነካው ዛሬውኑ በጽሑፍ እዘዙ። ያለበት ግቢ ዝናብ የሚወርድበት ነውና ክረምት ሳይገባ መጠለያ ይሠራለት። ነሐስ የሚያውቅ ሰው መጥቶ ይየው። የቀረው ጽሑፍ አንቲረስቱ በጥንቃቄ ተነሥቶ ፎቶ ይነሣ፤ የጠፋውን ስም የሚያስታውሱ አባቶች በሕይወት እያሉ ይጠየቁ። ብየዳውን የፈቀደው ማን እንደሆነ፣ በየትኛው ደብዳቤ እንደፈቀደም ይነገረን። ያ ደብዳቤ ካለ ቅጂው ይሰጠን። ከሌለም የለም ብላችሁ በማኅተም ጻፉልን።

ከደብሩ ምእመናን አንዱ
ደሴ