ተራው የደረሰው ሰው

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባባ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። ትንሹም ትምህርት ቤት ገብቷል። «አያቴ መቼ ነው የሚመጡት?» እያለ ይነዘንዘኛል።

ባለፈው እሑድ ስንደዋወል አንድ ነገር ጠይቀውኝ ኔትወርኩ ተቋረጠ። «ያ የዱላ ጨዋታ ምኑ ነው እንዲህ የያዘህ? ደግሞስ ታላቅ ቡድን የሚባለው የቱ ነው?» ነበር ያሉኝ። መልሼ ስደውል ተኝተው ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ጥያቄው ከአእምሮዬ አልወጣም። በስልክ ከምቀባጥር ቁጭ ብዬ ብጽፈው ይሻላል አልኩ። እህቴ ቀስ ብላ ታንብብልዎት፤ ዓይንዎን አያድክሙ።

እንዴት እንደለመድኩት ልጀምር። እዚህ እንደመጣሁ ታክሲ ስነዳ፣ ኤርፖርት ተራ ይዤ ረጅም ሰዓት እቆም ነበር። ከፊቴ የመኪና መዓት ተደርድሯል። ቋንቋውን ልልመድ ብዬ ሬዲዮ እከፍታለሁ። እናንተ ጋ ክረምት ሲሆን እዚህ ሙቀት ነው፤ በሙቀቱ ጊዜ ደግሞ ማታ ማታ ሬዲዮው ቤዝቦል ነው። አንድም ነገር አይገባኝም። ድምፁ ግን ደስ ይለኝ ነበር፤ አይቸኩልም። ተናጋሪው ዝም ይላል፣ ሕዝቡ ሲንሾካሾክ ይሰማል፣ ከዚያ ዱላው ኳሷን ሲያገኛት «ቷ!» ይላል፣ ስታዲየሙ ይናጋል።

አንድ ቀን ከፊቴ የቆመ አንጋፋ ሾፌር፣ የአገራችን ሰው፣ ምን እንደምሰማ ጠየቀኝ። ምንም እንደማይገባኝ ነገርኩት። ሰውየው በጣቱ የመኪናዬ ኮፈን ላይ፣ አቧራው ውስጥ፣ ባለ አራት ማዕዘን ቅርጽ ሣለልኝ። «ይኼ መቺው የሚቆምበት ነው። እነዚህ ሦስቱ ቤዝ ይባላሉ። መትቶ፣ ሦስቱን ዞሮ፣ የተነሳበት ከተመለሰ አንድ ነጥብ ነው» አለኝ። ከዚያ እጁን በሱሪው ጠርጎ፣ «ዋናው ነገር ግን ተራ ነው። እንደኛው» አለኝና ወደ መኪናው ሄደ። ተራው ደርሶ ነበር።

አባባ፣ የጠየቁኝ ነገር መልሱ እዚያ አቧራ ውስጥ ነው ያለው።

እርስዎ የ1954ቱን የአፍሪካ ዋንጫ ሲያወሩልን ነው ያደግነው። ጥር ወር፣ የአስር ዓመት ልጅ ሆነው፣ ስታዲየም ተጋፍተው ገብተው፣ ግብፅን 4 ለ 2 ስናሸንፍ። ሉቺያኖ አምበሉ፣ መንግሥቱ ወርቁ አጥቂው። «ሲጨንቅ ኳሱን ለመንግሥቱ ነው!» ይሉን ነበር። እግር ኳስ እንደዚያ ነው፤ ሲጨንቅ ኳሱ ወደ ጀግናው ይሄዳል።

ቤዝቦል ላይ ይኼ የለም። ዘጠኝ መቺዎች አሉ። ቅደም ተከተላቸው ጨዋታው ሳይጀመር ይጻፋል። በተራ በተራ ይመታሉ፣ ዘጠነኛው ሲጨርስ ወደ አንደኛው ይዞራል። ጀግናህን ጠርተህ «ና አንተ ምታ» ማለት አትችልም። ያለ ተራው ከመታ ይቀጣሉ። ጨዋታው የሚያልቅበት ሰዓት የሚባል ነገርም የለውም። እየመራህ ኳስ ይዘህ ጊዜ መግደል አይቻልም፤ ለባላጋራህ ኳሷን መወርወርና ዕድሉን መስጠት ግድ ነው። ስለዚህ የዓመቱ ሁሉ ልፋት ማን ላይ እንደሚወድቅ አይታወቅም። ስሙን ማንም የማይጠራው ልጅ ላይ ሊወድቅ ይችላል።

በቋንቋችን «ተራ ሰው» እንላለን፣ «ተራዬ ደረሰ» እንላለን። አንድ ቃል ነው። ለእኔ ታላቅ ቡድን ማለት ተራ የሚባለው ሰው ተራው ሲደርስ የማያሳፍረው ቡድን ነው።

ብዙ ማሸነፍ ብቻውን አይበቃም። (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጽፍልዎት።) ሲያትል ማሪነርስ በ2001 ከ162 ጨዋታ 116 አሸነፉ። ኢቺሮ የሚባል ጃፓናዊ በመጀመሪያ ዓመቱ የሊጉ ኮከብ ተባለ። ግን ለዋንጫው ፍጻሜ እንኳ ሳይደርሱ ቀሩ። የ1927ቱን የኒውዮርክ ያንኪስ ደግሞ ብዙ ሰው ከሁሉ በላይ ያደርጋቸዋል። 110 አሸንፈው 44 ብቻ ነው የተሸነፉት፤ ፍጻሜውንም (አራት ጨዋታ ቀድሞ ያሸነፈ ነው ዋንጫውን የሚወስደው) 4 ለ 0 ጠረጉት። ቤብ ሩት ብቻውን 60 ሆም ረን (ኳሷን ከአጥሩ ማዶ የሚያሳርፍ ምት) መታ፤ በዚያ ዓመት በእነሱ ሊግ ከያንኪስ በቀር 60 የሞላ ሙሉ ቡድን እንኳ አልነበረም። አከብራቸዋለሁ። ልቤ ግን እዚያ አይደለም።

ልቤ ያለው ብሩክሊን ዶጀርስ ጋ ነው፣ የ1955ቱ።

ይኼ ቡድን ጃኪ ሮቢንሰንን ያሰለፈ ነው። ትልቁ ሊግ ጥቁር ሰው አይገባበትም ነበር፤ በሚያዝያ 1947 እሱ ገባ። ሲሰድቡት ዝም ብሎ ሮጠ። ብሩክሊኖች ግን አንድ በሽታ ነበረባቸው፤ ያንኪስን በፍጻሜ አያሸንፉም። በ1941፣ በ1947፣ በ1949፣ በ1952፣ በ1953 ደርሰው አምስቴ ተሸነፉ። ደጋፊው በየዓመቱ «ለከርሞ ጠብቁን» ነበር የሚለው። እርስዎ ይህን ስሜት ያውቁታል፤ ከ1954ቱ ዋንጫችን ወዲህ ስንት ከርሞ ቆጠርን!

በ1955 እንደገና ከያንኪስ ጋር ሦስት ለሦስት ሆነው ወደ ሰባተኛው ጨዋታ ገቡ። ሮቢንሰን በዚያ ቀን አልተሰለፈም። ኳስ እንዲወረውር የተመረጠው ጆኒ ፖድረስ ነው። ገና 23 ዓመት የሞላው ልጅ፣ በዚያ ዓመት ካሸነፈው የተሸነፈው የሚበልጥ። ከዘጠኙ ዙር በስድስተኛው ብሩክሊኖች 2 ለ 0 እየመሩ፣ ያንኪሶች ሁለት ሰው ቤዝ ላይ አደረሱ። ዮጊ ቤራ ወደ ግራው ጥግ መታ። እዚያ የቆመው ሳንዲ አሞሮስ የሚባል የኩባ ልጅ ነው። ተቀይሮ የገባው በዚያው ዙር ነበር! ግራኝ ስለሆነ ጓንቱን የሚያጠልቀው በቀኝ እጁ ነው። ሮጠ፣ ሮጠ፣ ወደ አጥሩ ሲጠጋ ቀኝ እጁን ዘረጋ፣ ኳሷ ጓንቱ ውስጥ ገባች። ቀልጥፎ መለሳትና ሌላም ሰው ተቃጠለ። በቀኝ እጁ የሚወረውር፣ ጓንቱ በግራው የሆነ ሰው ቢሆን ኖሮ አይደርስባትም ይላሉ። ጨዋታው 2 ለ 0 አለቀ። ያ ሁሉ ኮከብ ባለበት ቡድን ውስጥ፣ ብሩክሊንን ያዳናት ከተጠባባቂ ወንበር የተነሳው ሰው ነው። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ውስጤ ይሞቃል።

አሁን ደግሞ ከቤቴ አጠገብ ያለ ነገር ልንገርዎት። እዚህ ዋሽንግተን የመጡ ጊዜ ክትፎ የበላንበትን ሰፈር ያስታውሳሉ? ዘጠነኛው ጎዳናና ዩ ስትሪት። ከዚያ በእግር ጥቂት ደቂቃ ሲሄዱ የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል አለ። ባለፈው ወር የታመመ ጓደኛዬን ልጠይቅ ሄጄ ነበር። ሆስፒታሉ የተሠራው ግሪፊዝ ስታዲየም የሚባል የቤዝቦል ሜዳ በነበረበት ቦታ ላይ ነው። ሜዳው በ1965 ፈረሰ። መቺው ይቆምበት የነበረው ቦታ ግን ሆስፒታሉ ውስጥ ምልክት ተደርጎበታል። ብርቱካኔን በፌስታል እንደያዝኩ ቆሜ አየሁት። ነርሶቹ በአጠገቤ ያልፋሉ።

እዚያ ቦታ ላይ በ1924 የዋሽንግተን ሴኔተርስ ዋንጫ በልተዋል። ዋልተር ጆንሰን የሚባል ወርዋሪ ነበራቸው፤ ለዚያች ከተማ 18ኛ ዓመቱን የሚጫወት፣ 36 ዓመት የሞላው። በዚያ ፍጻሜ ሁለት ጊዜ ወርውሮ ሁለቱንም ተሸንፎ ነበር። በሰባተኛው ጨዋታ መጨረሻ ላይ እኩል ሲሆኑ እንደገና ጠሩት። አራት ዙር አንድ ነጥብ ሳያስገባ ያዘላቸው። በ12ኛው ዙር ኤርል ማክኒሊ የሚባል አዲስ ገቢ መሬት ለመሬት የምትሄድ ኳስ መታ። ኳሷ ጠጠር ነካችና በባላጋራው በኒውዮርክ ጃያንትስ ተከላካይ ራስ ላይ ዘልላ አለፈች። በአንዲት ጠጠር ዋንጫው ዋሽንግተን ቀረ!

በዚያው ሜዳ ግን ሌላ ቡድንም ተጫውቷል፤ ሆምስቴድ ግሬይስ። ሁሉም ጥቁሮች ናቸው። ባለሜዳው ያከራያቸዋል እንጂ ከራሱ ቡድን አያስገባቸውም። በ1943፣ በ1944 እና በ1948 የጥቁሮችን ሊግ ዋንጫ በሉ። ጆሽ ጊብሰን እዚያ ነበር። ኳሷን ሲመታት ትጠፋለች የሚባልለት ሰው። ትልቁ ሊግ ተራውን ሳይሰጠው፣ በጥር 1947፣ በ35 ዓመቱ ሞተ። ሮቢንሰን የገባው ከዚያ ሦስት ወር ሳይሞላ ነው። በ2024 የጥቁሮቹ ሊግ ውጤት ከትልቁ ሊግ መዝገብ ጋር ሲቀላቀል፣ ጊብሰን በአማካይ ምት የሁሉም ዘመን አንደኛ ሆነ። ከ1000 ሙከራ 372 ማለት ነው። ይኸውልዎት፣ ከሁሉም የሚበልጠው ሰው እንኳ ከአስሩ ስድስቱን ይስታል። እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው። ሰዉ ከሞተ ከ77 ዓመት በኋላ ተራ ቢሰጠው ምን ያደርግለታል? አንደኛ መሆኑን ሕዝቡ ያኔም ያውቅ ነበር።

ከሴኔተርስ በኋላ ዋሽንግተን 95 ዓመት የትልቁን ሊግ ዋንጫ ሳታይ ኖረች። ከዚያ ትንሹ በተወለደ ጊዜ እርስዎ መጡ። በእኛው አቆጣጠር መስከረም 2012። ሶፋው ላይ ጋቢዎን ለብሰው፣ ሕፃኑን ታቅፈው፣ እኔ የአሁኑን የዋሽንግተን ቡድን፣ ናሽናልስን፣ ሳይ አጠገቤ ይቀመጡ ነበር። ያኔ ያልነገርኩዎት፣ ቡድኑ በዓመቱ መጀመሪያ 19 አሸንፎ 31 ተሸንፎ ነበር። ሁሉም ሰው ቀብሮት ነበር። ትልቁ ኮከባቸው ብራይስ ሃርፐርም በ330 ሚሊዮን ዶላር ወደ ፊላደልፊያ ሄዷል። ከቀሩት ብዙዎቹ በዕድሜ የገፉ ናቸው፤ የ42 ዓመት ወርዋሪ ሁሉ ነበራቸው።

የመጀመሪያዋን ማታ ያስታውሳሉ? በሚልዋኪ ቡድን 3 ለ 1 እየተመሩ፣ ስምንተኛው ዙር፣ የ20 ዓመቱ ሁዋን ሶቶ ተራው ደረሰ። መታ። የቀኙ ተከላካይ ሊይዛት ሲል ኳሷ በጓንቱ ሥር አለፈች። ሦስት ሰው ገባ። እርስዎ ሕፃኑን እንደያዙ «አመለጠችው! አመለጠችው!» ብለው ተነሱ። ሕፃኑ ደንግጦ አለቀሰ። አንዱንም ሕግ ሳላስረዳዎት ገባዎት።

ከዚያ በኋላ ፍጻሜው ከሂውስተን ጋር ሆነ። ሰባት ጨዋታ ተጫወቱ፣ ሰባቱንም ባለሜዳው ተሸነፈ። «ምን ዓይነት ነገር ነው፣ ሁሉም በሰው ሜዳ ነው እንዴ የሚያሸንፈው?» አሉኝ። ማክስ ሸርዘር አንገቱ ተይዞ ከአልጋው መነሳት አቅቶት፣ ከሦስት ቀን በኋላ ወጥቶ አምስት ዙር ወረወረ። በመጨረሻው ማታ ግን 2 ለ 0 እየተመሩ ሰባተኛው ዙር ገባ። ሬንዶን ሆም ረን መታ፣ ሶቶ በነጻ ቤዝ ያዘ። ከዚያ የሃዋይ ኬንድሪክ ተራ ሆነ። 36 ዓመቱ ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት የእግሩ ጅማት ተበጥሶ ነበር። «ይኼ ሽማግሌ» ብዬ ስነግርዎት «እሱ ሽማግሌ ከሆነ እኔ ምንድነኝ?» ብለው ሳቁ። ሳቅዎ ሳያልቅ መታት። ኳሷ ወደ ቀኙ ጥግ ሄዳ ሄዳ ቢጫውን ምሰሶ ነካች። ምሰሶውን ከነካች ሆም ረን ነው። 6 ለ 2 አሸነፉ። እኔ ስጮህ እርስዎ ትንሹን ጆሮ በጋቢዎ ሸፈኑለት።

ያ ቡድን ከያንኪስ አይበልጥም፤ በቁጥር አይቀርበውም። ከቡድኖች ሁሉ የማስበው ግን እሱን ነው፣ እርስዎ አጠገቤ ነበሩና።

አባባ፣ እናቴ ካረፈች ወዲህ እህቴ ሁሉንም ብቻዋን ይዛዋለች። መድኃኒቱን፣ ሐኪም ቤቱን፣ ሌሊቱን። አንድም ቀን አላማረረችም። እኔ ገንዘብ ልኬ፣ እሑድ ደውዬ፣ ተኛሁ። አሁን ቲኬቴን ቆርጫለሁ። ለፋሲካ ትንሹን ይዤ እገባለሁ፣ ሦስት ወርም እቆያለሁ። ለእህቴ አንብባ እዚህ ስትደርስ ሻንጣዋን እንድታዘጋጅ ይንገሩልኝ። ባህር ዳር ጓደኞቿ ጋ ትሂድ፣ ትረፍ። ጠዋት እግርዎን የማሸው፣ ማታ ኪኒኑን የምቆጥረው እኔ ነኝ።

አንድ የቤዝቦል ኳስም አመጣልዎታለሁ። ነጭ ቆዳ ነው፣ በቀይ ክር በእጅ የተሰፋ። ድርብ ስፌቱ 108 ነው። ዓይንዎን ሳያስቸግሩ በጣትዎ እየዳሰሱ ይቆጥሩታል፤ ትንሹም አጠገብዎ ተቀምጦ አብሮ ይቆጥራል።

አክባሪ ልጅዎ