«አሜሪካ ካልኖርክ የሚስትህ ፕሮሰስ አይጀመርም» ለተባላችሁ

ይድረስ ለክቡር አዘጋጅ፣

ይህን ደብዳቤ ያስጻፈችኝ ባለፈው ሳምንት ባሕር ዳር ሽምብጥ ሰፈር ካለው ቤቴ በር ላይ ቆማ ያለቀሰች ጎረቤቴ ናት። የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ባሏ የአሜሪካ ዜግነት አለው፤ ጠቅልሎ ባሕር ዳር ከገባ ሁለት ዓመት ሆነው። ጉዳይ አስፈጻሚ ነኝ የሚል ሰው «አሜሪካ ተቀምጠህ ስድስት ወር ካልሠራህ የሚስትህ ፕሮሰስ አይጀመርም» (ወደ አሜሪካ የመውሰጃ ጉዳይዋን ማለቱ ነው) ስላለው ቲኬት ቆርጧል። እኔም ቃል በቃል ይህንኑ ተብዬ ነበር።

የኔ ባለቤት በ2013 ዓ.ም. ተመልሶ እዚሁ የእንጨት ሥራ ከፈተ፤ ተጋባን፤ የመሄድ ሐሳብም አልነበረንም። አሜሪካ ያሉት እናቱ ሲታመሙ ግን ነገሩ ተለወጠ። ፎርም የሚሞላ ሰው ዘንድ ሄድን። ብሩን ተቀብሎ የስድስት ወሩን ነገር ነገረን፤ ባለቤቴም መጋቢት 2015 ላይ ሄደ። የአምስት ወር እርጉዝ ነበርኩ። ልጃችን ሐምሌ ላይ ተወለደች። በዚያው ወር መጨረሻ ደግሞ የክልላችን የሞባይል ዳታ ተቋረጠ፤ እስኪመለስ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ነበር የቀረው። በቪዲዮ መተያየት ቀረ። በተራ ስልክ ይደውልና «ዛሬስ ምን አደረገች?» ይለኛል። ጥርስ አወጣች ስለው «የላይ ነው የታች?» አለኝ። «የታች፤ አንድ ብቻ፣ የሩዝ ፍሬ የምታክል» አልኩት። የልጁን መልክ እኔ በቃል እየነገርኩት ነው ያወቀው።

እዚያ ያማከረው ጠበቃ የነገረው ሌላ ነው። የአሜሪካ ዜጋ ለትዳር አጋሩ ፔቲሽን፣ ማለትም አይ-130 የሚባለውን የመጀመሪያ ማመልከቻ ፎርም፣ ለማስገባት አሜሪካ ውስጥ መኖር አይጠበቅበትም። ባሕር ዳር ተቀምጦ በኦንላይን መሙላት ወይም ወረቀቱን በፖስታ መላክ ይችላል። እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 2024 ጀምሮ በወጣው ታሪፍ ክፍያው በኦንላይን 625፣ በወረቀት 675 ዶላር ነው። ኤምባሲው ፔቲሽኑን ራሱ የሚቀበለው በአስቸኳይና በልዩ ምክንያት ብቻ ስለሆነ «አዲስ አበባ ሄደን እናስገባ» ብሎ መንገድ መነሣትም ትርፉ ድካም ነው። ስለዚህ ባለቤቴ በተጋባን ማግስት ከዚሁ ሊጀምረው ይችል ነበር። ልጁ ስትወለድም አጠገቤ ይሆን ነበር።

የመኖሪያ ጥያቄ አለ፤ የሚመጣው ግን በኋላ ነው። ይህን አለመለየታችን ለሁለተኛ ጊዜ ጎዳን። ፔቲሽኑ ከጸደቀ በኋላ አመልካቹ የስፖንሰርነት ቃል ይፈርማል፤ አይ-864 የሚሉት ነው። በዚህ ጊዜ ቋሚ መኖሪያው አሜሪካ መሆኑን፣ ውጭ ከሆነም ተመልሶ ሊኖር መዘጋጀቱን በማስረጃ ማሳየት አለበት። ከሚስቱ ቀድሞ እንዲሄድ አይገደድም፤ አብረው ቢገቡ ይበቃል። ፎርም ሞዪው ግን «ገቢህ ካነሰ የአጎትህ ልጅ ስፖንሰር ይሁን፣ በቃ አለቀ» ብሎ ነበር። ተጨማሪ ስፖንሰር የሚሸፍነው ገቢን ብቻ ነው፤ ይኸውም አሜሪካ ለቤተሰቡ ቁጥር ካስቀመጠችው የድህነት ወለል ቢያንስ 125 በመቶ መሆን ያለበትን። የባልን መኖሪያ ማንም ሊሸፍንለት አይችልም።

ባለቤቴ ልጁን ለማየት በ2016 መጨረሻ ተመለሰ። ኢንተርቪው ላይ «ባልሽ የት ነው የሚኖረው?» ተባልኩ። እዚሁ አልኩ፤ እውነቱም ይኸው ነው። ተመልሶ ለመኖሩ ማስረጃ አምጡ ስንባል በእጃችን የነበረው ጊዜው ያለፈበት መንጃ ፈቃድና የተዘጋ የባንክ ደብተር ነው። የታክስ ሪፖርቱም አልቀረበም ነበር፤ ውጭ የሚኖር ዜጋም ገቢው ከተወሰነ መጠን ካለፈ ማስታወቅ እንዳለበት የነገረን የለም። ያን ሁሉ ስናሟላ ወራት ሄዱ። የባንክ ሂሳብ አስከፈተ፣ ታክሱን አቀረበ፣ እህቱ «እኔ ቤት ይገባሉ» ብላ ጻፈች፣ አንድ ቀጣሪ የሥራ ደብዳቤ ሰጠው። አስገብተናል፤ መልስ እየጠበቅን ነው። አማቴ በደወልን ቁጥር «ልጅቱን መቼ ነው የማያት?» ይሉኛል።

ግሪን ካርድ ብቻ ላላቸው ነገሩ ይለያል፤ ይህንንም ሰው ይወቅልኝ። እነሱ አሜሪካ መኖርን እንደያዙ መቆየት አለባቸው። የመመለሻ ፈቃድ ሳያወጡ ከዓመት በላይ ውጭ ከቆዩ ካርዱን ራሱን ሊያጡት ይችላሉ። ለዜጋ የተነገረውን ምክር ለእነሱ መስጠት ትዳርንም ወረቀትንም ያሳጣል።

ክቡር አዘጋጅ፣ መመሪያው በነጻ የሚገኝ ቢሆንም በእንግሊዝኛ ነው፤ ሰው ወደነዚህ ፎርም ሞዪ ቤቶች የሚሄደው ለዚህ ነው። ጋዜጣችሁ አንድ ገጽ ሰጥቶ፣ ዜጋ የሆነውንና ግሪን ካርድ ያለውን፣ የፔቲሽኑንና የስፖንሰርነቱን ደረጃ ለይቶ በአማርኛ ቢያወጣልን ስንቱ ቤት ይተርፍ ነበር። ለእነዚህ ቤቶች ንግድ ፈቃድ የሚሰጠው የከተማችን አካልም ገንዘብ ተቀብለው ምን እያሉ እንደሚያማክሩ ይጠይቃቸው። አንድ የተሳሳተ ዓረፍተ ነገር እኔን ከባሌ ለይቶ አዋልዶኛል።

ጎረቤቴና ባሏ ትናንት ማታ እኛ ቤት መጥተው ፋይላችንን ገጽ በገጽ አዩት። ቲኬቱ የሐሙስ ነው፤ ዛሬ ጠዋት ሊያስመልሱ ሄደዋል።

አክባሪያችሁ
አንዲት አንባቢ፣ ከባሕር ዳር