ድልድዩ የራስ ዳርጌ ነው

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ባለፈው እሑድ ስለ ደብረ ሊባኖስ ገደል ያወጣችሁትን የጉዞ ዘገባ አይተነዋል። ፎቶግራፎቹ ያምራሉ። ከአንደኛው ሥር የጻፋችሁት ግን አስቆጥቶናል፤ «በ16ኛው መቶ ዘመን ፖርቱጋሎች የሠሩት ድልድይ» ይላል።

እኛ ከአዲሱ ገበያና ከሱሉልታ ተጓዥ ይዘን እዚያ አፋፍ ድረስ የምናመላልስ ሹፌሮችና አስጎብኚዎች ነን። ድልድዩን ያሠሩት ደብረ ሊባኖስ የሚገኝበትን ሰላሌን የገዙት፣ የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ልጅና የዳግማዊ ምኒልክ አጎት ራስ ዳርጌ ናቸው። ጊዜውም የ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ነው። የሳታችሁት በሦስት መቶ ዓመት ገደማ ነው። ዘገባው ከወጣ ወዲህ እውነቱን ስንናገር ተጓዡ ስልኩን አውጥቶ የእናንተን ጽሑፍ ያሳየናል፤ ውሸታም የምንባለው እኛ ነን።

እስቲ ዓመቱን አብረን እንቁጠር። የፖርቱጋል ጦር ምጽዋ የወረደው በ1541 እ.ኤ.አ. ነው። ደብረ ሊባኖስ ደግሞ ከዚያ ዐሥር ዓመት ቀድሞ፣ በ1531፣ በአሕመድ ግራኝ ጦር ተቃጥሏል። የፖርቱጋሉ ጦር አዛዥ የክሪስቶፎ ዳ ጋማ ሰዎች ዋና ዋና ውጊያዎች ትግራይና ጣና አካባቢ ናቸው፤ ሰላሌ አይደለም። በ17ኛው መቶ ዘመን የደብረ ሊባኖስ ገዳም አለቃ የእጨጌው መቀመጫ ጎንደር አጠገብ አዘዞ ነበር። ታዲያ በተቃጠለ ገዳም ደጃፍ ማን ለማን ብሎ ድንጋይ ይጠርባል? ምናልባት ጢስ ዓባይ አጠገብ ካለው፣ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን ከተሠራው የአላታ ድልድይ ጋር አምታታችሁት ይሆናል፤ ሁለቱም የድንጋይ ቅስት ናቸው። «የፖርቱጋል ድልድይ» የሚለው ስም በሰው አፍ እንደሚዘወተር እናውቃለን፤ መንገደኛ ቢለው አንቀየምም። ጋዜጣ ግን መቶ ዘመን ጭምር ጠቅሶ ሲያትም የሰላሌን ሰው ሥራ አንሥቶ ለባዕድ መስጠቱ ነው።

ሌላው የሰጎን እንቁላል ነው። ድልድዩ የተያያዘው በሰጎን እንቁላል ነው፣ «ቅርፊቱ ዛሬም በመጋጠሚያው ላይ ይታያል» ብላችኋል። ድንጋይን ከድንጋይ የሚያያይዘው ኖራው ነው፤ የኖራ ድንጋይ ተቃጥሎ፣ በውኃ በርዶ፣ ከአሸዋ ጋር ሲቦካ። ያልተቃጠለ የእንቁላል ቅርፊት ቢጨመርበት ከሙሌት አያልፍም። ይህን ያነሣነው ለክርክር ብለን አይደለም። አንባቢያችሁ ቅርፊት ፍለጋ መጋጠሚያውን በቁልፍ መቧጠጥ ከጀመረ ኖራው ይረግፋል፤ በክፍተቱ የክረምት ውኃ ይገባል፤ ማሰሪያው ላልቶ የቅስቱ ድንጋይ ቦታውን ይለቃል። ያን ጊዜ ማን ይጠግነዋል?

«ከቀትር በኋላ መውጣት ይመረጣል» ማለታችሁም ሰው ያንገላታል። ከአዲስ አበባ እንጦጦን ተሻግሮ በሱሉልታ፣ በጫንጮ፣ በሙከጡሪና በደብረ ጽጌ እስከ መገንጠያው 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በክረምት ከቀትር በኋላ የሚጠብቃችሁ ዝናብ ነው፤ በበጋ ደግሞ ቀትር ላይ ሸለቆው በጭጋግና በአቧራ ይደበዝዛል። ንጋት 12 ሰዓት መነሣት ነው። እንጦጦና ሱሉልታ ላይ ጉም ካለ መብራት ዝቅ አድርጎ ቀስ ብሎ ማለፍ እንጂ መቅደም የለም። በጠዋት የደረሰ ጭላዳ ዝንጀሮውንም ያገኛል፤ ገደሉ ውስጥ አድሮ ፀሐይ ሲሞቅ ሣር ሊግጥ ወደ አፋፉ ይወጣል። ዳቦና ሙዝ አትወርውሩለት፤ መኪና መጠበቅ ይለምዳል።

ከድልድዩ ዝቅ ብሎ ያለው ፏፏቴም ዓመቱን ሙሉ እንደ ፎቶው አይደለም። ሐምሌና ነሐሴ ይሞላል፤ ጥር ላይ የገባ ሰው ክር የምታህል ውኃ አይቶ ይመለሳል፤ ተናድዶም እኛን ይወቅሳል። ውኃውንም ጥርት ያለውን ሰማይም አንድ ላይ ለሚሻ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት ነው። በዚያ ወቅት ግን ጅረቱ ዳር ያለው ድንጋይ ሽበት አውጥቶ ያንሸራትታል፤ ውኃው ከድልድዩ ጥቂት ዝቅ ብሎ ወደ ገደሉ ይወረወራል፤ ጠርዙም አጥር የለውም። ነጠላ ጫማ አይሆንም፤ ሶሉ ጥርስ ያለው ጫማ ያስፈልጋል። ከታች ቆላ ስለሚታይ ሙቀት የሚጠብቅም ብዙ ነው፤ የቆመበት አፋፍ ግን ከፍታው 2,500 ሜትር ገደማ ነውና ጃኬት ይያዝ።

የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው። እርማቱ ዘገባው በወጣበት ገጽ፣ በዚያው የፊደል መጠን፣ ከዚያው ፎቶግራፍ ሥር ይውጣ፤ «የራስ ዳርጌ ድልድይ፣ 19ኛው መቶ ዘመን» ይበል። በድረ ገጻችሁ ላይ ያለውም ይስተካከል፤ ተጓዡ ስልኩን አውጥቶ የሚያሳየን እሱን ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
ተጓዥ አመላላሽ ሹፌሮችና አስጎብኚዎች
ሱሉልታ