አውሮፕላኑ ለአባትህ ነበር ወይ ላልሽኝ

ይድረስ ለውድ እናቴ፤ ኮምቦልቻ።

አሰላሙ ዓለይኩም እማዬ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ሥራው ደህና ነው፣ ቤቱም ይሞቃል፤ ስለ እኔ የምታስቢው ነገር የለም። ለአርባው ሰደቃ የላክሁት ብር እንደደረሰ ወንድሜ ነግሮኛል። የተረፈ ካለ ለደም ግፊት መድኃኒትሽ ይሁን፤ ለሌላ እንዳታውዪው።

ይህን የምጽፈው በስልክ ልመልስልሽ ስላልቻልኩ ነው። ባለፈው ጁምዓ ስትጠይቂኝ ድምፄ አልወጣ አለ፤ አንቺም መስመሩ የተቋረጠ መስሎሽ ዘጋሽው። የአባዬ ጀናዛ ከግቢ ሲወጣ አውሮፕላን በላያችሁ አለፈ። አንቺ ቀና ብለሽ «የአየር ኃይል ባልደረቦቹ ሊሸኙት ላኩለት» አልሽ፤ ወንድሜ ደግሞ ሰው ፊት «ከአዲስ አበባ የሚመጣው የመንገደኛ አውሮፕላን ነው» ብሎ አረመሽ። ከዚያ እኔን ጠየቅሽ፦ «አንተ ባለህበት አገር ለሞተ ሰው አውሮፕላን ይወጣል ይባላል፤ እውነት ነው? ለአባትህስ ሊሆን አይችልም?»

የመጀመሪያው እውነት ነው እማዬ። በዓይኔ አይቻለሁ። ከምሠራበት ሰፈር ወንዙን ተሻግሮ አርሊንግተን የሚባል ትልቅ የአሜሪካ ወታደሮች መቃብር አለ። አንድ ቀን ከሥራ ወጥቼ አውቶቡስ ስጠብቅ ድምፁ ከኋላዬ መጣ። አራት ተዋጊ ጄቶች፣ አውራ ጣቱ እንደታጠፈ እጅ ጣቶች ተደርድረው፣ ዝቅ ብለው መጡ። መቃብሩ ላይ ሲደርሱ አንደኛው ብቻውን አፍንጫውን አቅንቶ ሽቅብ ወደ ሰማይ ወጣ። ሦስቱ ከፍታቸውንም ፍጥነታቸውንም አልቀየሩም፤ ተጠጋግተውም ክፍተቱን አልደፈኑትም። እንዳለ ይዘውት ሄዱ። ክብሩ ያለው እሱ ላይ ነው፤ የሟቹን ቦታ ማንም እንዳይገባበት ክፍት አድርጎ መያዝ።

አጠገቤ የቆሙት ሁሉ ስልካቸውን አውጥተው ይቀርጹ ነበር። አባዬ ቢኖር ግን «እነዚህን ከመሬት ያስነሳቸው ማነው?» ብሎ ነበር የሚጠይቀው። በኋላ አንብቤ ተረዳሁ። ከመቃብሩ አጠገብ ሬዲዮ የያዘ ሰው ቆሞ ሥርዓቱ የት እንደደረሰ ይነግራቸዋል፤ እነሱ ራቅ ብለው በአየር ላይ እየዞሩ ይጠብቁና ሲጠራቸው ሰከንድ ቆጥረው ይመጣሉ። አንዱ ቢበላሽ የሚተካ ትርፍ አውሮፕላን ይዘጋጃል። ያን ሁሉ ጎህ ሳይቀድ ተነስተው የሚያሰናዱት እጃቸው ዘይት የጠጣ ሰዎች ናቸው። አባዬም እንደ እነሱ የጄት ጥገና ሰው ነበር፤ በሶማሊያ ጦርነት ጊዜ ኤፍ-5 ጄቶቹ ሲመለሱ ሞተሩ ሳይበርድ ከሆዳቸው ሥር ይገባ እንደነበር ስንቴ ነገረን! ደብረ ዘይትን፣ የአየር ኃይሉን ሰፈር ሐረር ሜዳን እንደ ትውልድ መንደሩ ነበር የሚናፍቀው። በ1983 ሠራዊቱ ሲበተን ግን አንድ ሻንጣና አንድ የመፍቻ ሳጥን ይዞ መጣ፤ ከዚያ በኋላ የሰው ሚኒባስ ሲጠግን ኖረ። እዚያ ስለ ሠራው ሥራ አመሰግናለሁ ያለው ሰው አልነበረም።

ጃንሆይ በኬኔዲ ቀብር ላይ ከፈረንሳዩ ደጎል ጋር የተነሡትን ፎቶግራፍ ታስታውሺዋለሽ? አባዬ ከጋዜጣ ቆርጦ ሳጥኑ ክዳን ላይ የለጠፈውን? ያ ቀብር እዚሁ አርሊንግተን ነው የተፈጸመው፤ ኅዳር 15 ቀን 1956። 50 ያህል ጄቶች አልፈዋል፤ በሰልፋቸው ውስጥ የአንዱ ቦታ ባዶ ነበር። ከኋላቸው የፕሬዚዳንት ኬኔዲ የራሳቸው አውሮፕላን መጥቶ ክንፉን ዘንበል አድርጎ ተሰናበተ። በምድር ደግሞ ባዶ ኮርቻ የተጫነ ጥቁር ፈረስ ይሳብ ነበር፤ እርካቡ ላይ ቦት ጫማ ወደ ኋላ ዞሮ ተደርጎ። ይህን ሳነብ አያቴ ስለ አባቷ ለቅሶ የነገረችን መጣብኝ፤ ፈረሳቸው ኮርቻው ባዶ ሆኖ፣ ጠመንጃቸው ከላዩ ተሰቅሎ፣ በአልቃሾች መካከል ሲዞር። እዚህ ሰዎች ይህን እንደ ብርቅ ነገር ያወሩታል፤ እኛ ዘንድ ግን የቆየ ወግ ነው።

አያቴ እንኳ አውሮፕላን በሰማች ቁጥር ልጆቹን ሰብስባ ወደ ቤት ትገባ ነበር። በኅዳር 1928 የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን ሲደበድቡ ልጅ ነበረች፤ ሆስፒታል እንኳ አልተረፈም። አንቺ ደግሞ በ77ቱ ድርቅ መኪና በማይደርስበት ደጋ ላይ ሄርኩለስ የሚባሉት የጭነት አውሮፕላኖች የእህል ጆንያ ሲጥሉ ቆመሽ አይተሻል። ወሎ ላይ አውሮፕላን ወይ ቦምብ ወይ እህል ይዞ ነው የመጣው። ሽኝት ይዞ ሲመጣ ያየሽው አንቺ ነሽ።

አሁን ሌላውን እውነት ልንገርሽ፤ እኔ ካልነገርኩሽ ሌላ ሰው ይነግርሻል። እዚህም ቢሆን ለሁሉ ሰው አይወጣም። በአብዛኛው በሥራ ላይ ሳሉ ለሚሞቱ በራሪዎችና ለትልልቅ ባለሥልጣናት ነው። የጥገና ሰው ሲሞት ባንዲራ ታጥፎ ለሚስቱ ይሰጣል፣ ጥሩምባም ይነፋለታል፤ ጄት ግን አይነሣለትም። አባዬ የዚህ አገር ሰው ቢሆን ኖሮም አይመጣለትም ነበር። ይህ በጣም ያናድደኛል። ለአባዬ የወጣው ቅሬው፣ እድራችን ነው፤ አንድ ሰው ሳይቀር። ጎረቤታችን ቄሱ ሳይቀሩ አካፋ ይዘው እንደመጡ ስሰማ አለቀስኩ። ከዚህ ሁሉ የጄት ድምፅ ያንን እመርጥለታለሁ።

ወንድሜ፣ ይህን የምታነብላት አንተ ነህና ላንተም የምለው አለኝ። እናታችን ያን ሁሉ ዘመን የአውሮፕላን ሰው ሚስት ሆና ኖራለች። ጄትን ከመንገደኛ አውሮፕላን በድምፁ ትለያለች። አውቃ ነው ያለችው። ተዋት።

ስለ እኔ ያልከውንም ሰምቻለሁ። «ዶላር ይልካል እንጂ በአባቱ ላይ አፈር አልመለሰም» ብለሃል አሉ። ወረቀቴ አላለቀም፤ ከዚህ አገር ከወጣሁ መመለስ የለም። ካልተመለስኩ መድኃኒቱ ከየት ይገዛል? የእህታችን ድግስ በምን ይደገሳል? ቁጭ ብለህ ደምረው። የሚቀጥለውን ለእማዬ አታንብብላት፤ ዝለለው። ሥራዬ ሽማግሌዎችን መንከባከብ ነው። ሌሊት ሌሊት የሰው አባት አገላብጣለሁ፣ አጥባለሁ፣ አጎርሳለሁ። ለራሴ አባት አንድ ብርጭቆ ውሃ አላቀበልኩም። አንተ ያንን አድርገሃልና አመሰግንሃለሁ፤ ግን አትፍረድብኝ።

እማዬ፣ ዋናው ጉዳይ የእህቴ ኒካ ነው። ለሐዘኑ ሲባል ለዓመት ይቆይ ተብሏል ሲሉኝ ደስ አላለኝም። ልጁን አባዬ ራሱ ወዶ «እሺ» ብሎት ነው የሞተው፤ ሽማግሌዎቹንም ተቀብሎ ቡና አጠጥቷል። ቃሉ ሳይፈጸም ለምን ይንጠለጠላል? ድግሱ ትንሽ ይሁን፤ መንዙማው ግን አይቅር። ለልብሷ የሚሆን ለብቻ እልካለሁ፤ ቀለሙን እሷ ትምረጥ፣ አክስቶቿ አይምረጡላት። አባዬን ተክቶ የሚድራት ወልይ አጎቴ ይሁን። ጠዋት ከተራራው በኩል ጭጋጉ ሲገፈፍ፣ ሴቶቹ ደጅ ላይ ሲያጨበጭቡ፣ የእጣኑ ሽታ ግቢውን ሲሞላው ይታየኛል፤ ስልኩን ከፍ አድርጋችሁ ያዙልኝ፣ በሥራ ሰዓት ቢሆንም አነሣለሁ። ስታለቅስ እንዳትከለክሏት።

የመፍቻ ሳጥኑን ሊገዛ የመጣ ሰው እንዳለ ሰማሁ። አይሸጥም። የወንድሜ ልጅ ሲያድግ ይውሰደው።

የኒካውን ቀን ወስናችሁ አሳውቁኝ። የደም ግፊትሽን ተለክተሽ ቁጥሩን ንገሪኝ፤ «ደህና ነው» ብቻ እንዳትዪኝ። አላህ አባዬን ጀነተል ፊርደውስ ያስገባልን።

ልጅሽ